ከመሸ የለንም

አየር ትሸጣለች። ሰው ሁሉ በነፃ የሚስበውን አየር! ከሱቋ አጠገብ ያሉት ጎማ ጠጋኞች ይህን ነገር መቀለጃ ካደረጉት ዓመታት አልፈዋል። «አየር ሻጯ» የሚለውን ስም ያወጡላትም እነሱ ናቸው። በሩን ስትከፍት ጠብቀው፣ «ነገ ደግሞ ጥላ በሜትር ትቆርጥልናለች» ይላሉ። እሷም ለምላስ የማታንስ ሴት ናት፤ «ሳንባህ እንደዚህ ጎማህ የተበሳ ቀን እንተያያለን!» ትልና ትገባለች። ይስቃሉ፣ ትስቃለች። ማለዳው እንዲህ ይጀመራል።

ሥራዋ ኦክስጅን ለየቤቱ ማከራየት ነው። ሳንባው የደከመበትን ሰው ሆስፒታሉ «ከእንግዲህ ቤትህ ሆነህ ተንፍስ» ብሎ ሲሸኘው፣ ቤተሰቡ ወደ እሷ ይመጣል። ሱቋ እንደ ኮሪደር ጠባብና ረጅም ነው። ቁመታቸው ከሰው የማይተናነስ ሲሊንደሮች፣ እንዳይወድቁ ወገባቸውን በሰንሰለት ታስረው፣ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። እሷ በመካከላቸው መፍቻ ይዛ ትንጎራደዳለች። ቫልቩን ታጠብቃለች፤ የሳሙና አረፋ ትቀባና አረፋው ሲያብጥ ካየች «ታሾልካለህ አንተ ሌባ!» ብላ ሲሊንደሩን ትሰድበዋለች። እጇ እንደ ዛፍ ቅርፊት የተሰነጣጠቀ ነው። ቅባት አትቀባም፤ ቅባትና ኦክስጅን ከተገናኙ እሳት ነው፣ በዚህ ቀልድ የለም። ሰርግ ላይ እንኳ ስትጠራ እጇን ከጠረጴዛው በታች ደብቃ ነው የምትቀመጠው።

የሥራዋ ሕግ አንዲት ናት፤ ትርፍ ሲሊንደር። አንዱ ሲሠራ ሌላው ሙሉ ሆኖ አልጋው አጠገብ ይቆማል። ዳቦ ያለቀበት ሰው ነገ ይገዛል፣ መብራት የጠፋበት ሻማ ያበራል፤ ኦክስጅን ያለቀበት ሰው ግን ነገ የሚባል ነገር የለውም። ይህቺን ሕግ ለአዲስ ደንበኛ ሁሉ እንደ ፊደል ታስቆጥራለች። ከዓመታት በፊት ድረ ገጽ ስታሠራም ከሁሉ በላይ ያስቀመጠቻት እሷኑ ነው፤ በደማቅ ቀይ፣ የመኪና ታርጋ በሚያህል ፊደል፦

«ከመሸ የለንም። ስልክም አናነሳም። ትርፍ ሲሊንደር ሳትይዙ እንዳይመሽባችሁ!»

ከደንበኞቿ ሁሉ ለልቧ የሚቀርቧት ጡረተኛው ቀያሽና ባለቤታቸው ነበሩ። ቀያሹ ዕድሜ ልካቸውን መሬት ሲለኩ፣ ችካል ሲተክሉ የኖሩ ሰው ናቸው። የተጻፈ ነገር ያምናሉ። የመድኃኒቱን ወረቀት እስከ መጨረሻዋ ደቃቅ ፊደል አንብበው፣ መልሰው በእጥፋቱ አጥፈው፣ ካርቶኑ ውስጥ ይከቱታል። ባለቤታቸው ደግሞ መስኮቱ ሥር ባለው ሶፋ ላይ ተደግፈው ይውላሉ፣ ተደግፈውም ያድራሉ፤ ጋደም ካሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አፍንጫቸው ላይ ቀጭኗ ቱቦ፣ ከንፈራቸው ላይ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር አለ።

«ይኸው መጣች... ትንፋሼ» ይሏታል አየር ሻጯ ከሾፌሯ ጋር ሲሊንደር እያንከባለለች ስትገባ። ከሦስት ቃል በላይ በአንድ ትንፋሽ አይወጣላቸውም። «ነይ እስቲ... ባሌን ገላግዪኝ።»

«ምን አደረጉ ደግሞ ጋሼ?»

«እኔን ትቶ... ጌጁን ነው የሚያየው። ድሮ... ዓይን ዓይኔን ነበር።»

ቀያሹ ሲሊንደሩ ላይ ያለችውን፣ የቀረውን አየር የምታሳየውን የጌጅ ቀስት በመነጽራቸው እየተመለከቱ፣ «አንቺማ ዋሽተሽ ታውቂያለሽ፤ ይቺ ቀስት ዋሽታኝ አታውቅም» ይላሉ። ሴትየዋ ሊስቁ ይሞክራሉ። ሳቁ ወደ ሳል ይዞራል፣ ሳሉ ሲበርድ ቤቱ ዝም ይላል። ቱቦው ብቻ እሽሽሽ ይላል።

ይህ ሁሉ ደህና ነበር። ኋላ ግን ከከተማው ማዶ አንድ አዲስ ድርጅት ተከፈተ። ነጭ መኪና፣ ነጭ ጓንት፣ ነጭ ድረ ገጽ። አዲስ ታማሚ ያለበት ቤተሰብ ስልኩን ሲነካካ መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ሆነ። የአየር ሻጯ የድሮ ደንበኞች ደግሞ፣ እንግዲህ የሥራው ጠባይ ነው፣ አንድ በአንድ ይሄዳሉ፤ የሚሄዱትም ወደ ሌላ ሱቅ አይደለም። የሄደ በሌላ ሳይተካ ሲቀር ሲሊንደሮቹ ሥራ ፈት ቆመው መዋል ጀመሩ። ሾፌሩም ፒክአፑን በቀን ሦስት ጊዜ ማጠብ ጀመረ።

«እትዬ፣ ይቺ መኪና ቀለሟ ሊለቅ ነው፤ ወይ ሥራ ይምጣ ወይ ሳሙናው ይቅር» አላት አንድ ቀን።

ያን ጊዜ ነው የእህቷን ልጅ የጠራቻት።

የእህቷ ልጅ ሥራዋ ይኸው ነው፤ የትንንሽ ንግዶችን ድረ ገጽ እየገመገመች ታድሳለች። ፀጉር ቤቱን፣ ዳቦ ቤቱን፣ መነጽር ቤቱን እሷ ናት ሰው ያስመሰለቻቸው። ለአክስቷ በነፃ ልትሠራ መጥታ፣ የቫልቭ ክዳን የሞላውን ጠረጴዛ በክንዷ ጠረግ አድርጋ ላፕቶፗን ከፈተች። ገጹን ከላይ እስከ ታች ካየች በኋላ አፏን በእጇ ያዘች።

«አክስቴ፣ አትቀየሚኝ፤ ይሄ የፖሊስ ማስታወቂያ ነው እንጂ ዌብሳይት አይደለም።»

«ምን ሆነ?»

«ፎቶውን እዪው እንጂ! ጨለማ ውስጥ የተደረደረ ብረት። ቦምብ የምትሸጪ ነው የምትመስዪው።»

«ለዚህ ነዋ!» አለ ሾፌሩ ከበሩ። «እኔ ሳወርድ ሕፃናት የሚሸሹት።»

«አንተ ና እስቲ፣ በአንተ እንሞክረው» አለችና ስልኳን ሰጠችው። «እናትህ ታማብሃለች እንበል። ከዚህ ገጽ ላይ የሱቁን ቁጥር ፈልገህ ደውል።»

«በቃሌ አውቀዋለሁ እኮ።»

«በቃልህ አይደለም። ከገጹ!»

ሾፌሩ ገጹን ወደ ታች ገፋው፣ ወደ ላይ ገፋው፣ አጎላው። ላቡ መጣ። መጨረሻ ላይ ቁጥሩን ከታች ጥግ ላይ አገኘና በአውራ ጣቱ ተጫነው። ምንም የለም። ደጋግሞ ተጫነው።

«አየሽ አክስቴ? ቁጥሩ ፎቶ ነው፣ አይደውልም። ሰው ታማሚ አቅፎ እስክሪብቶ ይፈልግ? ካርታውን ስትነኪው ደግሞ ኋላ ወዳለው የእንጨት መጋዘን ነው የሚወስድሽ።»

«ወይ ጉዴ! ለካ ሰው እንጨት ሊገዛ ሄዶ ነው የቀረው።»

ልጅቷ ልክ ነበረች። ይህን ማንም አይክድባትም። ቁጥሩን ሲነኩት የሚደውል አደረገችው፣ ካርታውን ወደ ሱቁ በር አመጣችው፣ ገጹን ስልክ ላይ ቶሎ የሚከፈት አደረገችው። በቦምቡ ፎቶ ፋንታ አበባ መካከል ተቀምጠው ፈገግ ያሉ አንዲት አሮጊት አስገባች።

ሾፌሩ ተጠግቶ አያቸውና፣ «እኚህ ሴትዮ ደንበኛችን አይደሉም» አለ። «ደረጃ ሮጠው የሚወጡ ነው የሚመስሉት።»

ቀይዋ መስመር ላይ ሲደረስ ግን አክስትና ልጅ ተያያዙ።

«ይቺ ትውጣ» አለች የእህቷ ልጅ።

«እሷማ አትነካም። እሷ ሕጋችን ናት።»

«አክስቴ፣ ሰው ገና በርሽን ሳያንኳኳ 'የለንም' ይባላል? ተደናግጦ የመጣን ሰው ደግመሽ ታስደነግጪዋለሽ? እነዚያን እያቸው» አለችና የአዲሱን ድርጅት ገጽ ከፈተችላት። ከላይ፣ በሰማያዊ፣ «ሌት ተቀን ከጎንዎ ነን» ይላል።

«እኛ ሌቱ የለንማ።»

«የሱቁን ስልክ ይዘሽ ቤት ትገቢያለሽ። ስልክ ካነሳሽ ሌት አለሽ ማለት ነው። ሾፌሩ እንደሆነ ሁለት ቤት አልፎ ነው የሚኖረው።»

«ትርፏስ? ትርፍ ያዙ የሚለውስ?»

«ኋላ 'ጥያቄና መልስ' የሚል ገጽ እሠራልሻለሁ፣ እዚያ በደንብ እናብራራዋለን። በሁለተኛው ዙር።»

አየር ሻጯ ገጹን አየችው። ያምራል። ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አሮጊቷ ይስቃሉ። እጇን አየች። እንዲህ ያለ ነገር የእኔ ነው ብላ ለሰው አሳይታ አታውቅም። ልቧ ሞቅ አላት፤ መቼም ሰው ነች። «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አለች። ቀይዋ መስመር በአንዲት ጣት ተሰረዘች። በቦታዋ ሰማያዊ ገባ፦ «ሌት ተቀን አለንልዎ።»

ስልኩ ጮኸ። ጮኸ ብቻ! ሳምንት ሳይሞላ ሾፌሩ መኪናውን የሚያጥብበት ጊዜ አጣ። አየር ሻጯም ጎማ ጠጋኞቹን የምትሰድብበት ጊዜ ስላጣች እነሱም ቅር አላቸው። ማታ ማታ የሱቁን ስልክ ቤቷ ወስዳ ትራስ ሥር ከታው ትተኛለች። ዓይኗን ጨፍና ጆሮዋን ከፍታ ነው የምታድረው። ማንም አይደውልም። ማን ይደውል? የድሮዎቹ ሁሉ ትርፍ አላቸው። አዲሶቹንም ሾፌሩ ሲያወርድ በቃል ይነግራቸዋል፤ ካልረሳ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ አንድ ሙሉ ሲሊንደር ከመኪናው አውርዶ እያንከባለለ ገባ።

«ይሄ ከየት ነው?»

«ከቀያሹ ቤት። ትርፉ አይፈለግም ብለው መለሱት። አዲሱን ገጽ አንብበውታል፤ ወደውታል እትዬ። 'ሌት ተቀን ካላችሁ ሁለተኛው ቦታ ይዞብኛል' አሉኝ። ሶፋው አጠገብ ለባለቤታቸው ትንሽ ጠረጴዛ ሊያስገቡ ነው።»

የሆነ ነገር ልቧን ቆነጠጣት። መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ልትደውልላቸው ስልኩን አነሳች፤ ስልኩ ግን እጇ ላይ እንዳለ ጮኸ። አዲስ ደንበኛ ነው። አባቱ ከሆስፒታል ወጥተው መኪና ውስጥ ናቸው፣ ሲሊንደር አሁኑኑ ይፈልጋል። ሱቁ ውስጥ ሙሉ የቀረው ደግሞ ያ ገና የገባው ብቻ ነው።

«ጫነው» አለችው ሾፌሩን። «ነገ ጠዋት ለጋሼ ሌላ እንወስድላቸዋለን።»

ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ደወለ። ከነገ ወዲያም ሌላ። ነገሩ ከልቧ ወደ ጀርባዋ፣ ከጀርባዋ ወደ የትም ሄደ።

ስልኩም ከትራስ ሥር ወደ ኮመዲኖ፣ ከኮመዲኖ ወደ ቦርሳ ወረደ። አንድ ቀን ስትደዋወል ስለዋለች ባትሪው አለቀ። ሱቁ ውስጥ፣ ከኋላ ባለችው ክፍል፣ ቻርጀር ላይ ሰካችውና ሲሊንደር ስትፈትሽ አመሸች። ድካሙ እግሯን አሳበጠው። በሩን ቆለፈች፣ ቤቷ ገባች፣ ጫማዋን ስታወልቅ ትዝ አላት። ስልኩ! ተመልሳ ልትሄድ አንድ እግሯን ጫማው ውስጥ ከተተች። ከዚያ አወጣችው። እስከ ዛሬ ማን ደውሎ ያውቃል?

እንቅልፍ ወሰዳት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደህና እንቅልፍ የተኛችው ያን ለት ነው።

ጠዋት ጎማ ጠጋኞቹ እንደ ልማዳቸው አንድ ነገር ወረወሩባት፣ እሷም መለሰችላቸው። ገብታ የኋላውን ክፍል መብራት አበራች። የስልኩ ስክሪን ላይ አንድ ቁጥር ብቻ፣ እላዩ ላይ እየተደራረበ፣ ከላይ እስከ ታች ሞልቶታል። ጣቷን ወደ ላይ ገፋች። አሁንም ያው ቁጥር። ደግማ ገፋች። ያው። ስም አላስፈለጋትም፤ ያን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች።

ሾፌሩ ሳትጠራው መጣ፤ ፊቷን አየና ምንም ሳይጠይቅ ሲሊንደር ጫነ። ሁለት ጫነ። መንገዱ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አፉን ከፈተ፤ «ምናልባት እኮ እትዬ...» አለና ተወው።

የቀያሹ ቤት በር ገርበብ ብሎ ነበር። ሶፋው ባዶ ነው። አጠገቡ አዲሷ ትንሽ ጠረጴዛ፣ በላይዋ አንድ ብርጭቆ ውኃ ተከድኖ። ሲሊንደሩ በቦታው ቆሟል፤ የጌጁ ቀስት ዜሮ ላይ ተኝታለች። ቱቦው መሬት ላይ ወድቋል። እሽሽሽ የሚል ነገር የለም። ሰው ሁሉ ሆስፒታሉ ጋ መሆኑን፣ ሴትየዋም መንገድ ላይ ማለፋቸውን የነገረቻት ጎረቤቲቱ ናት። ስትነግራት ፊት ለፊቷ ያለችው ማን እንደሆነች አላወቀችም። «ኦክስጅን ሻጮቹ አላነሳ ብለው ነው አሉ፤ እግዜር ይይላቸው» አለቻት።

አየር ሻጯ «አሜን» አለች።

ቀያሹ ወደ ሱቁ የመጡት ለቀስተኛው ከቤታቸው ከተመለሰ በኋላ ነው። ባዶውን ሲሊንደር በሰው ጋሪ አስጭነው ራሳቸው ይዘውት መጡ። የተከራዩትን ነገር ሳይመልሱ የሚያድሩ ሰው አይደሉማ። የእህቷ ልጅም ያን ቀን እዚያው ነበረች። ከሰማች ጀምሮ ዓይኗ አብጦ፣ ከአክስቷ ጎን አልጠፋ ብላ ነበር። ቀያሹን ስታይ ወደ ሲሊንደሮቹ መካከል ሸሸች።

«ጋሼ... ለምን ይደክማሉ? እኛ መጥተን...» አለች አየር ሻጯ።

«የእናንተ ንብረት ነው፣ እህት ዓለም።» ወንበር ሰጠቻቸው፣ ተቀመጡ። መነጽራቸውን ጠረጉ። «ያን ዕለት ደከመች። ምሽት ላይ ትንፋሿ ሲያጥር አየሩን ጨመር አደረግኩላት። ሲጨመር ቶሎ እንደሚያልቅ አውቃለሁ፤ ቀስቷ ስትወርድ እያየኋት ነበር። ግን ሌት ተቀን አሉ ብዬ አልደነገጥኩም። ደወልኩ። አሁን ያነሳሉ ብዬ ደወልኩ። እሷም 'ትንፋሼ... ትመጣለች' ትለኛለች። አምቡላንስ የጠራሁት ዘግይቼ ነው። እናንተን ስጠብቅ።»

ከሲሊንደሮቹ መካከል ልቅሶ ተሰማ። «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያጠፋኋት መስመሯን» እያለች የእህቷ ልጅ ወጣች።

«ዝም በዪ አንቺ» አለች አየር ሻጯ። «እኔ ነኝ እሺ ያልኩት። ትርፉንም ለሌላ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ስልኩንም ጥዬ የሄድኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ጫማዬን አውልቄ ነበር... ልመለስ ብዬ ነበር...»

አልጨረሰችውም። ቀያሹ፣ «እስቲ ገጹን ክፈቺልኝ» አሏት ልጅቷን። ከፈተችላቸው። አሮጊቷ አበባ መካከል ፈገግ ብለዋል። ቀያሹ ሰማያዊዋን መስመር በጣታቸው ተከትለው አነበቧት፣ ደግመው አነበቧት።

«የድሮዋ ታስጠላ ነበር» አሉ። «ባለቤቴ ትስቅባት ነበር፤ 'ይቺ ሴትዮ በሩቁ ትቆጣናለች' ትል ነበር። ግን በየማታው ሳንተኛ ትርፉን እንፈትሽ ነበር፣ እንዳትቆጣን።» መነጽራቸውን አወለቁ። «በእኛ ሥራ ችካል አያምርም፤ ዝገት ነው፣ እግር ይመታል። አንድ ሰው ለዓይን አስጠላኝ ብሎ የነቀለው እንደሆነ ግን ከኋላው የሚመጣው ሰው ገደሉ የት እንደሚጀምር አያውቅም። በሉ እንግዲህ፣ ሲሊንደሩን ተረከቡኝ።»

ይቅር አላሏትም፣ እርግማንም አላወረዱባትም። ቢረግሟት ይቀላት ነበር። ባዶውን በሰንሰለት አሰረችው፤ እሳቸውም አስተሳሰሯን እስከ መጨረሻው አይተው፣ ቀለበቱ መግባቱን አረጋግጠው ሄዱ።

የዚያኑ ዕለት ቀይዋ መስመር ተመለሰች። የመለሰቻት ራሷ አየር ሻጯ ናት፤ የእህቷ ልጅ የት እንደሚነካ ብቻ አሳየቻት። ፊደሉ ከድሮው ተለቅ ብሎ የአሮጊቷን ፊት ግማሹን ሸፈነው። «ፎቶውን ዝቅ ላድርገው?» አለች ልጅቷ። «ተዪው» አለቻት። «ሌት ተቀን» ጠፋ። እሷ ግን ስልኩን በየማታው ይዛ ትገባለች፣ አሁን ደረቷ ላይ አድርጋው ነው የምትተኛው። ለማንም አልነገረችም፤ ገጹም አይናገርም።

ጎማ ጠጋኞቹ መቀለድ አቆሙ። ሲያልፉባት «እንደምን አደሩ እትዬ» ይሏታል። ይህ ከሁሉ ይብሳል።

ስልኩም ዝም አለ። አልፎ አልፎ ብቻ ይጮሃል። አንድ ቀን ሊመሽ ሲል፣ ሾፌሩ መኪናውን ሊያቆም ሲያዞር፣ ጮኸ። ጎልማሳ ድምፅ ነው። እናቱ ዛሬ ከሆስፒታል ወጥታለች፣ ከኋላው የምታስለውም እሷ ናት።

«ሌት ተቀን ናችሁ?» አላት።

«አይደለንም፣ የኔ ወንድም። ግን አሁን፣ ሳይመሽ፣ ሁለት ይዘን እንመጣለን። አንዱ ትርፍ ነው...»

«ሁለት ምን ያደርግልኛል? አንድ ነው የጠየቅኩሽ። ሌሎቹ ሌት ተቀን ነን፣ አንድ ይበቃሃል ብለውኛል።»

«የሚሉትን ተወው፣ ስማኝ። ትርፉን አላስከፍልህም። ዝም ብሎ ጥግ ላይ ይቁም...»

«ሰው ለማስጨነቅ ነው እንዴ የምትነግዱት?» አለና ዘጋው።

ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ልጫን እትዬ?» አላት። ሰፈሩን አልነገራትም፣ ቤቱን አታውቀውም። ከደጅ ብርሃኑ እየሳሳ ነው። ቁጥሩን ነካችው፤ ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳም። ደግማ ነካችው። የተሰነጠቀው ጣቷ ስክሪኑ ላይ እየተንሸራተተ፣ ቆማ፣ እንደገና ደወለች።